አጥር ውስጥ ያለን እንስሳ በገንዘብ ገድሎ «አዳኝ» መባል



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በየስልካችን የሚመላለሱ ቪዲዮዎች አሉ። ቦታው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ነው። ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ይበርራል፤ ከታች የዱር አሳማ መንጋ ግልገሎቹን ይዞ ይሮጣል፤ በሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ከላይ እየተኮሰ ያጭዳቸዋል። በሌላው ቪዲዮ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ አጋዘን ረጋ ብሎ በቆሎ ይለቅማል። ጥይት ይጮኻል፤ ይወድቃል። ገዳዩም ቀንዱን ጨብጦ፣ ጥርሱን ገልጦ ፎቶ ይነሳል።

ከስር ያሉትን አስተያየቶች ስናነብ የኛው ልጆች ስም ሞልቶበታል። «ወንድ ማለት ይህ ነው!» የሚል አለ። «ኸንዚር አይደል እንዴ? ይበለው!» የሚል አለ። «እዚያ ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነው» የሚልም አለ። ዳላስና ሂዩስተን ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ከተሞች ስለሆኑ ነገሩ ከምኞት አልፎ የብዙዎቻችን ዘመድ ደጃፍ ላይ ያለ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ አቋማችንን ከመጀመሪያው እናስቀምጥ። አደን በራሱ ሐራም አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ ፈቅዶታል፤ ከሶሐባዎች መካከልም አድኖ የሚበላ ነበር። የሰው እርሻ የሚያጠፋን እንስሳ መግደልም ወንጀል አይደለም። እኛ የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። ሞትን እንደ ሲኒማ ትኬት መግዛትን፣ የአላህን ፍጥረት አጥር ውስጥ ከትቶ በቀንዱ ርዝመት ዋጋ መለጠፍን፣ ይህንንም «አደን» ብሎ መጥራትን እንቃወማለን። «ሐራም እንስሳ ስለሆነ እንደፈለግን እናድርገው» የሚለውን አነጋገር ደግሞ አብልጠን እንቃወማለን።

(የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*1. እንስሳው የሕዝብ፣ በሩ የባለ መሬቱ*

ከቴክሳስ መሬት 95 በመቶ ገደማው የግል ነው። ሕጉ ደግሞ የዱር እንስሳ የግዛቲቱ ሕዝብ ንብረት ነው ይላል። በቁጥር ከ5 ሚሊዮን የማያንሱ ኋይትቴይል የሚባሉ አጋዘኖች እዚያ እንዳሉ ይገመታል፤ በወረቀት ላይ ሁሉም የሕዝብ ናቸው። አጋዘኑ የቆመበት መሬት ግን የአንድ ሰው ነው።

ስለዚህ ባለ መሬቱ የሚሸጠው በሩን ነው። አዳኙ «ሊዝ» የሚሉትን ኪራይ ለአንድ ወቅት ወይም ለጥቂት ቀናት ይከፍልና ይገባል። ገንዘብ ያለው የሕዝቡን አጋዘን ያገኛል፤ የሌለው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። ሕጉ ላይ የሁሉም የሆነው እንስሳ በተግባር የከፋይ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። በ1066 እንግሊዝን ወርሮ የያዘው ንጉሥ ዊልያም ሰፋፊ ደኖችን ለንጉሥ አደን ከለላቸው። አጋዘኑ የንጉሥ ሆነ፤ ደሃው ገበሬ ሰብሉን ሲበላበት እንኳ እንዳይነካው ተከለከለ። በ1723 የወጣው «ብላክ አክት» የተባለው ሕግ በድብቅ አጋዘን ያደነን ሰው እስከ ስቅላት ያስቀጣ ነበር። አሜሪካኖች የራሳቸውን መንግሥት ሲያቆሙ ይህንን ጥለው «የዱር እንስሳ የሕዝብ ነው» የሚለውን መርህ ያዙ። የሚኮሩበትም መርህ ነው። ነገር ግን ንጉሡን በፊት በር አስወጥተው በአጥር በኩል መልሰው አስገቡት።

ለኛ ለሙስሊሞች ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በጃሂሊያው ዘመን ከዐረብ አለቆች መካከል ውሻ አስጩሆ፣ ድምፁ እስከተሰማበት ድረስ ያለውን ግጦሽ «ሒማ» ብሎ ለራሱ የሚከልል እንደነበር በፊቅህ መጻሕፍት ይተረካል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ሻሩት። ሒማ የአላህና የመልእክተኛው ብቻ ሆነ፤ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ ማንም ጉልበተኛ ለራሱ የሚከልለው ነገር ቀረ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) በኺላፋቸው ዘመን ለሒማው ጠባቂ የሰጡትን ትእዛዝ ቡኻሪ ዘግበውታል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ደሃ አስገባ፤ የነ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የነ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን አታስገባ የሚል ነበር። ለምን? እነዚያ ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት እርሻና የተምር ዛፍ አላቸው፤ ደሃው ግን ሌላ የለውም። በሩን ለደሃ የከፈተውን አጥርና ለሀብታም ብቻ የሚከፍተውን አጥር አስተያዩ።

የሰው መሬት ይደፈር እያልን አይደለም። ያለ ፈቃድ የሰው መሬት ረግጦ ማደን በሸሪዐም በዚያ አገር ሕግም አይፈቀድም። የምንለው መሬት የራስ ቢሆንም በላዩ የሚያልፈው የዱር ፍጥረት ከዚያ መሬት ጋር አብሮ አልተገዛም ነው።

*2. አጥሩ፣ በቆሎውና ሜትሩ*

ኋይትቴይል አጋዘን የከብት አጥርን በቀላሉ ዘልሎ ያልፋል። ስለዚህ ብዙ ራንቾች 8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ40 ገደማ የሚሆን የሽቦ አጥር ዙሪያውን ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ሰዓት ተሞልቶለት በቆሎ የሚበትን መሣሪያ በየቦታው ይተክላሉ። ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት በቆሎ ይረጫል። እንስሳው ይለምዳል። ድምፁን ሲሰማ እንደ ቤት ዶሮ እየሮጠ ይመጣል። በቴክሳስ የግል መሬት ላይ እንዲህ በምግብ አባብሎ ማደን በሕግ የተፈቀደ ነው።

አዳኙስ? ምቹ ወንበር ባለው፣ መስኮት በተሰራለት ማማ ውስጥ ይቀመጣል። አስጎብኚው «አሁን የመጣው የአንተ አይደለም፤ ከኋላው ያለው ነው» ይለዋል። ጠመንጃው መደገፊያ አለው፤ ማነጣጠሪያው መነጽር አለው። ዱካ መከተል የለ፣ ንፋስ ማየት የለ፣ ጥም የለ፣ ዳገት የለ። የቀረው ጣትን መሳብ ብቻ ነው።

ዋጋው ደግሞ በሥጋው አይደለም፤ በቀንዱ ነው። ቀንዱ በኢንች ይለካል፤ ኢንቹ በጨመረ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ለቀንድ ብቻ የሚያረቡ ድርጅቶች ተፈጠሩ። ትልቅ ቀንድ ያለው አባት ተመርጦ ዘሩ በሰው ሠራሽ መንገድ ለእንስቶች ይሰጣል፤ ልዩ መኖ ይቀርባል። እንስሳው ለዱር ኑሮ የማይመች፣ ለግድግዳ ጌጥ ብቻ የሚመች ቀንድ ተሸክሞ ያድጋል።

ይህ ነውር መሆኑን የምንናገረው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1887 ቴዎዶር ሩዝቬልትና ጓደኞቹ የመሠረቱት «ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ» የተባለው የአሜሪካ አዳኞች ማኅበር ትልልቅ ቀንዶችን ይመዘግባል፤ ከአጥር ውስጥ የተገደለን እንስሳ ግን አይመዘግብም። ለነሱም ቢሆን እንስሳው የማምለጥ ዕድል ከሌለው አደን አይባልም። አዳኞቹ ራሳቸው ያልተቀበሉትን እኛ ከማንም ቀድመን «ጀግንነት» ብለን ማጨብጨባችን ምን ይባላል?

መዘዙ ደግሞ ከአጥሩ ይወጣል። «ክሮኒክ ዌስቲንግ» የሚባል የአጋዘን በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው በ1967 በኮሎራዶ፣ ለምርምር በአጥር ውስጥ ይጠበቁ በነበሩ አጋዘኖች ላይ ነው። አንጎልን ይበላል፤ መድኃኒትም ክትባትም የለውም፤ ምንጩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ቴክሳስ ውስጥ በ2012 በሩቅ ምዕራብ ጫፍ በዱር አጋዘን ላይ ተገኘ፤ በ2015 ደግሞ በመዲና ካውንቲ በአንድ አርቢ ግቢ ተገኘ። አጋዘንን በአንድ ገንዳ ዙሪያ መሰብሰብና በመኪና ጭኖ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ለእንዲህ ያለ በሽታ መንገድ መጥረግ ነው።

አንድ አርቢ «ያረባኋቸው አጋዘኖች የግል ንብረቴ ናቸው» ብሎ ከመንግሥት ጋር ተከራክሮ ነበር። በ2019 ኦስቲን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አይደሉም፣ በአጥር ውስጥ ቢወለዱም የሕዝብ ናቸው ብሎ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ እንኳ ይህንን ካለ፣ በቀንድ ኢንች የሚሸጠው የማን ነው?

*3. «ሥጋ ነው እኮ» ለሚሉን*

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። አላህ ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አዞናል።

ቴክሳስ ውስጥ ከልጆቹ ጋር በኅዳር ወር ወጥቶ አንድ ሁለት አጋዘን አድኖ፣ ሥጋውን ገፎ፣ በልቶ፣ ለጎረቤት አካፍሎ፣ ለክረምት በፍሪዘር የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው። ተኩላ ከዚያ አገር ጠፍቷል። አጋዘን የሚቀንሰው ከሌለ ደግሞ ራሱ ግጦሹን ጨርሶ በረሃብ ያልቃል። ከ1937 ጀምሮ በጠመንጃና በጥይት ሽያጭ ላይ የተጣለው የፌዴራል ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። «ሃንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ» በተባለው ፕሮግራም አዳኞች የአጋዘን ሥጋ ለተራቡ ሰዎች ይለግሳሉ። የግዛቲቱ ሕግም የሚታደን አጋዘን ገድሎ ሥጋውን ሆን ብሎ ማበላሸትን ይቀጣል። የመሬት ኪራዩም ቢሆን አንዳንዱን ባለ መሬት መሬቱን ለቤት ሠሪ ከመሸጥ አድኖታል።

ይህንን ሁሉ እንቀበላለን። ይህ ሰው ወንድማችን ቢሆን «በርታ፣ ቢስሚላህ ማለትህን አትርሳ» እንለዋለን።

ይሁን እንጂ የዚህን ሰው መልካም ሥራ መጋረጃ አድርጎ ሌላውን መሸፈን አይቻልም። የአጋዘን ቁጥር በዝቷል ከተባለ እያረቡ ለምን ይጨምራሉ? ሥጋ ነው ከተባለ ዋጋው ለምን በቀንድ ተለካ? ጥበቃ ነው ከተባለ ከሕንድ የመጡት አክሲስ፣ ብላክባክና ኒልጋይ የተባሉ እንስሳት ቴክሳስ ሜዳ ላይ ምን ይሠራሉ? እነሱ እንደ ውጭ አገር እንስሳ ስለሚቆጠሩ የአደን ወቅትም የቁጥር ገደብም የለባቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣሉ።

*4. የአሳማው ንግድ*

አሁን ወደ አሳማው እንምጣ። የቴክሳስ የዱር አሳማ የዚያ ምድር ተወላጅ አይደለም። ስፔናውያን ለምግብ ያመጧቸው የቤት አሳማዎች አምልጠው ዱር ገቡ። በ1930ዎቹ ደግሞ ባለ መሬቶች ለአደን ብለው የአውሮፓ የዱር አሳማ አምጥተው ለቀቁ፤ ሁለቱ ተዳቀሉ። ልብ በሉ! ዛሬ «መቅሠፍት» የሚባለው ነገር አንዱ ሥሩ የአደን መዝናኛ ነው።

ዛሬ በቴክሳስ ብቻ እስከ 2.6 ሚሊዮን ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። ከ254ቱ ካውንቲዎች በሞላ ጎደል በሁሉም አሉ። በአንድ ሌሊት የበቆሎና የኦቾሎኒ ማሳ ያርሳሉ፤ ምንጭ ያደፈርሳሉ፤ የወፍ እንቁላል ይበላሉ። እንስቷ ዓመት ሳይሞላት ትወልዳለች፤ እርግዝናዋ አራት ወር አይሞላም። ገበሬው ሲያለቅስ እውነቱን ነው።

መፍትሔው ምን ሆነ? በ2011 የወጣ ሕግ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ከሄሊኮፕተር ላይ እንዲተኩሱ ፈቀደ። በ2017 ከአየር ፊኛ ላይ መተኮስ ተፈቀደ። በ2019 ደግሞ በግል መሬት ላይ ባለ መሬቱ ከፈቀደ አሳማ ለመግደል የአደን ፈቃድ ማውጣት ቀረ። ወዲያው ንግድ ሆነ። የአንድ ቀን የሄሊኮፕተር ተኩስ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል። የልደት ግብዣ፣ የሠርግ ዋዜማ ጨዋታ፣ የመሥሪያ ቤት ሽርሽር ሆኗል። ሌላው ደግሞ ውሻ ያሰማራል፤ ውሾቹ አሳማውን በጆሮው ነክሰው ይይዙታል፤ ሰውየው በቢላ ይጨርሰዋል። ውሻው ይቆስላል፣ አሳማው ይጮኻል፣ ካሜራው ይቀርፃል።

ታዲያ አሳማው ቀነሰ? አልቀነሰም። የመስኩ ባለሙያዎች እንደሚሉት ቁጥሩ ባለበት እንዲቆም ብቻ በየዓመቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማው መወገድ አለበት፤ በጠመንጃ የሚወገደው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ከመንጋው ሁለት ሦስት ሲገደል የቀረው ተበትኖ ወደ ጎረቤት እርሻ ይሸሻል፤ ሌሊት ብቻ መውጣትም ይለምዳል። የሚሠራው ዘዴ አሰልቺ ነው። ሰፊ የሽቦ ጉረኖ ተሠርቶ፣ መንጋው ቀስ በቀስ እንዲለምደው ተደርጎ፣ ሁሉም ሲገቡ በሩን በአንድ ጊዜ መዝጋት ነው። ይህ ግን ለቪዲዮ አይሆንም፤ ትኬትም አይሸጥበትም።

ሌሎች ግዛቶች ይህንን አይተው ተምረዋል። ቴነሲ በ1999 አሳማን ያለ ገደብ ማደን ፈቀደች። አሳማው ከመቀነስ ይልቅ ከመቼውም በላይ ተስፋፋ። ምክንያቱም የአደን ወዳጆች ራሳቸው አሳማ በመኪና እየጫኑ በአዲስ ቦታ ይለቁ ነበር። በ2011 ፖሊሲዋን ቀይራ አሳማን ለመዝናኛ ማደንን ከለከለች። ካንሳስ ከ2006 ጀምሮ የከለከለች ሲሆን ቁጥሩንም ዝቅ አድርጋ ይዛለች። ሚዙሪም በ2016 በግዛቲቱ የጥበቃ መሬቶች ላይ አሳማ ማደንን አገደች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ገቢ ካመጣ ባለቤቱ እንዲያልቅ አይፈልግም። ገበሬው አሳማው ከምድረ ገጽ ቢጠፋ ደስ ይለዋል፤ ትኬት ሻጩ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ደንበኛ አሳማ ያስፈልገዋል። እርሻው የሚጠፋበት ጎረቤት ዋጋውን ይከፍላል፤ ባለ ሄሊኮፕተሩ ገንዘቡን ይሰበስባል። ስለዚህ ያንን ቪዲዮ አይታችሁ «ገበሬውን እየረዱት ነው» ብላችሁ አትታለሉ።

*5. «ኸንዚር አይደል እንዴ?»*

ወንድሞቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ይህንን ነው። ነቢዩላህ ዒሳ (ዐ.ሰ) በመጨረሻው ዘመን ሲወርዱ ኸንዚርን እንደሚገድሉ በሐዲስ መምጣቱንም ማስረጃ አድርገው ያመጣሉ።

መልሳችን አጭር ነው። ኸንዚር ሐራም የተደረገው ሥጋው ነው። አላህ አትብሉት አለን፤ አሰቃዩት፣ ተጫወቱበት አላለንም። የዒሳ (ዐ.ሰ) ተግባር ዑለማኦች እንዳብራሩት የሐሰት እምነትና የሐራም ምግብ ማክተሚያ ምልክት ነው። ሁለት ሺህ ዶላር ተከፍሎበት በሙዚቃ ታጅቦ ከሚቀረጽ ጨዋታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ውሻን እናስታውስ። የውሻ ሥጋ አይበላም፤ ምራቁ የነካው ዕቃም ሰባት ጊዜ ይታጠባል። ነገር ግን ለተጠማ ውሻ በጫማ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው አላህ ማረው። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ደግሞ በዚያው ምክንያት እሳት ገባች። ሁለቱም ታሪኮች ሰሒሕ ናቸው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በየመድረሳው ሰምተናቸዋል። በሁለቱም ውስጥ «እንስሳው ይበላል ወይስ አይበላም?» የሚል ጥያቄ የለም። የተጠየቀው ሰውየው ምን ዓይነት ልብ አለው የሚለው ነው።

ኢሕሳን በሁሉም ነገር ላይ ተደንግጓል፤ መግደል ግድ ሲሆን እንኳ አገዳደልን ማሳመር ታዘናል። ቢላውን ሳል፣ እንስሳውን አሳርፍ የተባልን ሕዝቦች ነን። ግልገሏን አስከትላ የምትሮጥ እንስሳ ከሄሊኮፕተር ላይ በዘፈቀደ ተተኩሶባት፣ እግሯ ተሰብሮ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ለሰዓታት ስትማቅቅ ማየት የትኛው ኢሕሳን ውስጥ ይገባል? በቴክሳስ ሕግ አሳማ እንደ አጋዘን የሚታደን የዱር እንስሳ ተብሎ ስላልተመዘገበ የገደሉትን የማንሳት ግዴታ እንኳ የለም። የነሱ ሕግ ያላዘነላትን ፍጥረት የኛ ዲን አዝኖላታል።

*6. የቁረይሽ ወጣቶች*

ለዚህ ሁሉ ከአንድ ታሪክ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በቁረይሽ ወጣቶች አጠገብ አለፉ። ወጣቶቹ አንዲት ወፍ አስረው በቀስት እያነጣጠሩባት ነበር። ከወፏ ባለቤት ጋርም ስምምነት ነበራቸው። የሳቱት ቀስት ሁሉ ለባለቤቱ ይሆናል። ኢብኑ ዑመርን ሲያዩ ተበተኑ። እርሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ አድርጎ የሚይዝን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርገማቸውን ነገሯቸው።

እስኪ ዝርዝሩን እንያዘው። እንስሳ አለች፤ ማምለጥ አትችልም። ባለቤት አለ፤ ከጨዋታው ያተርፋል። ተኳሾች አሉ፤ ወጣቶች ናቸው፤ የሚተኩሱት ርቧቸው አይደለም። ገመዱን በሽቦ አጥር፣ ቀስቱን በጠመንጃ፣ የሳተውን ቀስት በዶላር ብትቀይሩት ምን የቀረ ነገር አለ? አንድ ልዩነት ብቻ ታየን። የቁረይሽ ወጣቶች ኢብኑ ዑመርን ሲያዩ አፍረው ሸሹ። የዛሬው ግን ራሱን ቀርፆ ለዓለም ይለጥፋል፤ የኛ ልጅ ደግሞ ልብ ምልክት ይጫንበታል።

*7. ዳላስና ሂዩስተን ላላችሁ ወንድሞች*

«ታዲያ አጋዘን ማደን ብንፈልግስ?» ትሉ ይሆናል። የተፈቀደ ነው። እነዚህን ነጥቦች ግን ያዙ።

አንደኛ፣ ለመብላት ወይም ለማብላት ይሁን። ሥጋውን የማትፈልጉትን እንስሳ አትግደሉ።

ሁለተኛ፣ የአገሩን ሕግ አክብሩ። ፈቃድ አውጡ፣ ወቅቱን ጠብቁ፣ የሰው መሬት ያለ ፈቃድ አትርገጡ።

ሦስተኛ፣ የአደን ሕግና የእርድ ሕግ የተለያዩ መሆናቸውን እወቁ። በጥይት ተመትቶ የሞተ እንስሳ ሐላል የሚሆነው በቁጥጥር ስር ያልዋለ የዱር እንስሳ ሲሆን ነው። በእጅ ሊያዝ የሚችል፣ ጉረኖ ውስጥ ያለ እንስሳ አጋዘንም ቢሆን እንደ በግ ጉሮሮው ላይ መታረድ አለበት። ስለዚህ ጠባብ አጥር ውስጥ በገንዳ ላይ የተመታው አጋዘን ነገር ከነውርነቱ በላይ የሐላልነት ጥያቄም አለበት። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የቦታውን ሁኔታ አስረድታችሁ ዑለማእ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ስትተኩሱ ቢስሚላህ በሉ። በሕይወት ከደረሳችሁበት ወዲያው እረዱት። በትክክል መምታት የማትችሉ ከሆነ አትተኩሱ፤ መጀመሪያ በወረቀት ዒላማ ተለማመዱ።

አምስተኛ፣ እርሻ ያላችሁ ወይም እርሻ ላይ የምትሠሩ ከሆነና አሳማ ካስቸገራችሁ ማስወገድ ትችላላችሁ። በጉረኖ ይያዝ፣ በአንድ ጥይት ይለቅ። እየሳቃችሁበት ግን አይሁን።

*8. በኛም ቤት አለ*

ይህ የአሜሪካ ጣጣ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ከፍታዎች ይኖራል። ለዚህም እንስሳ ሲሉ የውጭ አገር አዳኞች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለው፣ ለአደን በተከለሉ ቦታዎች በኮታ ያድኑታል። የሚፈልጉት ቀንዱን ነው። በኮታና በቁጥጥር መሆኑ ከቴክሳሱ አጥር ይለየዋል፤ ገቢው ለጥበቃ ከዋለም ጥቅም አለው። ይሁንና በአካባቢው የሚኖረው አርሶ አደር ሙስሊም ወንድማችን ከብቱን ከጫካው እንዲያወጣ ሲነገረው፣ ከዚያ ዶላር ስንቱ ለመንደሩ ውሃና ትምህርት ቤት ደረሰ? ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የሰይዲና ዑመር ጥያቄም ይኸው ነበር። ከለላው ለማን ነው? በሩስ ለማን ይከፈታል?

*በመጨረሻ*

እናንተ የከተማ ልጆች ናችሁ። አብዛኞቻችሁ በግ ሲታረድ የምታዩት በዒድ ቀን ነው። ከእንስሳ ጋር ያላችሁ ቅርበት እየራቀ ሲሄድ የእንስሳ ሞት በስክሪን ላይ እንደ ጌም ይታያችኋል። እኛን የሚያስፈራን ይህ ነው። ዛሬ የአሳማ ግልገል ሲረግፍ መሳቅ የለመደ ልብ ነገ የሰው ደም በዚያው ስክሪን ላይ ሲመጣበት በምን ይደነግጣል? ልብ ሁለት ክፍል የለውም፤ በአንዱ በኩል ሲደርቅ በሌላውም ይደርቃል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እነዚያን ቪዲዮዎች አታጋሩ፤ አትሳቁባቸው። «ኸንዚር ነው» ለሚል ጓደኛችሁ የውሻዋን ውሃ አስታውሱት። «ወንድነት ነው» ለሚል ደግሞ ማምለጥ የማይችልን ነገር መግደል መቼ ወንድነት ሆኖ ያውቃል? በሉት። አድኖ መብላት የፈለገ እንደ ወግ ያድን፤ እርሻውን መከላከል የፈለገ ይከላከል። ሞትን ትኬት ቆርጦ የሚገዛው ግን አዳኝ ሳይሆን ገበያተኛ ነው።

አላህ ልባችንን በእዝነት ይሙላው። ለፍጥረቱ የሚያዝኑ፣ እርሱም የሚያዝንላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም!